ሳፋ ሙሉ ጥቁር ዘይት

አስፋልቱ ካለቀ ገና ሰዓት አልሞላም፣ አጎቷ ለሦስተኛ ጊዜ «አቁሚ!» አሉ።

መፍቻ ጥርሷን ነክሳ ፍሬኑን ረገጠች። አሮጌው የጭነት መኪና እያቃሰተ ቆመ፤ ከኋላ ሲያባርራቸው የነበረው አቧራም ደርሶ ጋቢናውን ሞላው።

«አሁን ደግሞ ምን ተገኘ ጋሼ?»

«ዘይቱን ልየው።»

«ቅድም አይተውት የለም እንዴ?»

«ቅድም ቅድም ነው፤ አሁን አሁን ነው።»

ወረዱ። ኮፈኑን ከፍተው የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዙ፣ በነጭ መሐረባቸው ጠረጉት፣ መልሰው ከተው እንደገና መዘዙት። ከዚያ መሐረቡን እንደ ማስረጃ በመስኮቱ አስገቡላት። እንደ ከሰል የጠቆረ መስመር ታትሞበታል።

«ትናንት ማር መስሎ ሲገባ በዓይኔ በብሌኑ አይቻለሁ። ዛሬ ቀለም ሆነ! ለምን?»

«ናፍጣ ነዋ ጋሼ። ናፍጣ ዘይት ያጠቁራል። ይዝጉትና ይግቡ።»

«እኮ ለምን ያጠቁራል?»

«ስለሚያጠቁር!»

አጎቷ መሐረቡን በጥንቃቄ አጣጥፈው፣ ጥቁሩን ወደ ውስጥ አድርገው፣ ኪሳቸው ከተቱት። ገብተው በሩን ሲዘጉ የተቆጣ ሰው አዘጋግ ዘጉት።

የእናቷ ወንድም ናቸው። ሠላሳ ዓመት ልብስ እያጠቡና እየተኮሱ ኖረው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሱቁን ሸጡና ይህን መኪና ገዙ። ስለ እድፍ የማያውቁት ነገር የለም፤ ስለ ሞተር የሚያውቁት ነገር የለም። መፍቻ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ጋራዥ ውስጥ ያደገች ሴት ናት። ስሙን ያወጡላት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ማንም ያልፈታውን ቡሎን እሷ ስለምትፈታ። ሞተር ሲያስል በሽታውን በጆሮዋ ታውቃለች። አንድ የማትችለው ነገር ቢኖር ማስረዳት ነው። ሰው «ለምን?» ሲላት ደሟ ይፈላል። እጇ ይናገራል፣ አፏ ይቆጣል ይሏታል።

ከኋላቸው፣ በሸራና በገመድ የታሰረው ጭነት፣ ሰው የሚያህል የጉድጓድ ውሃ ፓምፕና የብረት ቱቦዎች ናቸው። ከደረቁ ሜዳና ከወንዙ ማዶ ያለ ሰፈር ፓምፑ ተቃጥሎበታል። የጉድጓዱ ኃላፊ የሆኑት ሴትዮ ስልክ ደውለው «ታንከሩ ውስጥ የሦስት ቀን ውሃ ነው ያለን። ከሦስት ቀን በኋላ እግዜር ያውቃል» ነበር ያሉት። መፍቻ «እንደርሳለን» አለች፤ ስልኩንም ዘጋች። እንዴት እንደሚደርሱ አላስረዳችም።

ረፋድ ላይ አንዲት ብቸኛ ሻይ ቤት ደረሱ። ከፊት ለፊቷ አንድ ሰማያዊ የውሃ ቦቴ ቆሟል። መፍቻ የጭነቱን ገመድ ልታጠብቅ ወደ ኋላ ስትሄድ አጎቷ ኮፈኑን ከፈቱ፤ ለአራተኛ ጊዜ። የቦቴው ሾፌር፣ ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ፈገግታው የማያልቅ ሰው፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ተጠጋቸው።

«ኧረ አባቴ! ይሄ ዘይት ነው ወይስ ሬንጅ?»

«እኔም እሱን እላለሁ!» አሉ አጎቷ፤ በመጨረሻ የሚሰማቸው ሰው አገኙ።

ባለቦቴው ዓይኑን ወደ ቱቦዎቹ ወረወረ። «ወዴት ናችሁ?»

«ማዶ። የጉድጓድ ፓምፕ ይዘን።»

ፈገግታው ለአንዲት ሰከንድ ቆመና ቀጠለ። ውሃ ጭኖ ወንዙን የሚሻገረው የእሱ ቦቴ ብቻ ነበር፤ ፓምፑ ከተቃጠለ ወዲህ ሰፈሩ ውሃ የሚገዛው ከእሱና ከወንድሙ ነው። ይህንን ግን አልተናገረም። «በዚህ ሞተር? ይመለሱ አባቴ። ካልሆነም ዘይቱን ገልብጠው ይቀይሩ። ቆይ፣ እኔ ትርፍ አለኝ» አለና ከቦቴው አንድ ጀሪካን አውርዶ አመጣ። ክዳኑን ከፍቶ አሳያቸው። ጠርቶ ታችኛው ይታያል፤ ወርቅ የመሰለ።

«ምን ልክፈልህ ልጄ?»

«ለአባት እከፍላለሁ እንጂ እቀበላለሁ?»

አጎቷ መረቁት። ጀሪካኑን ከወንበራቸው በስተኋላ ብርድ ልብስ ስር ደበቁት። ለመፍቻ ቢነግሯት ምን እንደምትል ያውቁታል፦ «ይዝጉትና ይግቡ።»

ከቀትር በኋላ ሰማዩ ከአድማስ ጥግ ቡናማ ሆነ። መፍቻ መጀመሪያ ተራራ መስሏት ነበር፤ ተራራው ግን ወደ እነሱ ይሮጣል።

«መስኮት!» ብላ ጮኸች።

አውሎ ነፋሱ መኪናውን በጎኑ መታው። ቀኑ ጠፋ። አሸዋው መስታወቱን እንደ ወንፊት ይነፋዋል፣ ሸራው እንደ ጅራፍ ይጮኻል። ቢቆሙ ጎማው በአሸዋ ይዋጣል፤ ስለዚህ በአንደኛ ማርሽ፣ መንገዱን በጎማዋ እየዳሰሰች፣ ነዳች። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሞተሩ ጉልበቱ ከዳው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ እንደ ጎማ ቃጠሎ ጠቆረ።

«ተቃጠለ!» አጎቷ ዳሽቦርዱን በሁለት እጃቸው ያዙ። «አላልኩሽም? አላልኩሽም?»

«አልተቃጠለም! አየር አጥቶ ነው!»

ፊቷን በሻርፕ ጠቅልላ ወረደች። የአየር ማጣሪያውን ፈትታ አወጣችው፤ ዱቄት እንደ ነፉበት ጨርቅ ሆኗል። በጎማው ጎን እየደበደበች አራገፈችው፤ አሸዋው አፏን ሞላው። መልሳ ስታስር አጎቷ ከኋላዋ ቆመው በነፋሱ ላይ ይጮኻሉ።

«ጭሱ ለምን ጠቆረ? ዘይቱ ስለ ጠቆረ አይደለም?»

«አይደለም!»

«ታዲያ ለምን?»

«ጋሼ፣ በናትዎ፣ ወይ ይንዱ ወይ ያስነዱኝ!»

አጎቷ ወደ ጋቢናው ተመልሰው ብርድ ልብሱ ስር ያለውን ጀሪካን ዳሰሱ።

በማግስቱ ቀን እኩል ሲሆን ከሜዳው ወጥተው በቋጥኞች መሐል ጠባብ በር ላይ ደረሱ። በግራቸው ገደል፣ በቀኛቸው ድንጋይ ላይ ድንጋይ። ሙቀቱ ብረቱን አላስነካ አለ፤ የራዲያተሩ መርፌ ቀዩን ነካ። መፍቻ ጎህ ሳይቀድ ጀምራ ነድታለች፤ ዓይኗ መስመር መስመር እያየ ነው።

«አንድ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ አንድ ሰዓት ልተኛ» አለች። ቋጥኝ ጥላ ስር ሻርፗን አንጥፋ ወደቀች።

የቀሰቀሳት ጩኸት ነው። የሰው ጩኸትና ሰው ያልሆነ ጩኸት ተቀላቅሎ።

ብድግ ስትል መኪናው ዙሪያውን በዝንጀሮ ተከቧል። አጎቷ ከመኪናው ስር በግማሽ ወጥተው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው ጥቁር፣ አንድ ቱቦ ይዘው ግራ ቀኝ ያወዛውዛሉ። ከሞተሩ ስር አጎቷ ከልብስ ማጠቢያ ሱቃቸው ያስቀሩት ትልቁ ሳፋ ተቀምጧል። ሳፋው ሙሉ ነው። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ የሞተር ዘይት።

ለትንፋሽ ያህል አልገባትም። ከዚያ ገባት።

«ጋሼ! ዘይቱን ገለበጡት?»

«ንጹህ አለኝ! ጀሪካን ሙሉ ንጹህ... ሂድ! ሂድ አንተ ጋኔን!»

ጀሪካኑ ቋጥኙ ጫፍ ላይ ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። በዚህ ድርቅ የተጠሙት ዝንጀሮዎች ውሃ መስሏቸው ነበር። አንድ ጋማው ትከሻውን የሸፈነ አውራ በሁለት እጁ አቅፎ ጎተተው። መፍቻ ድንጋይ አንስታ ሮጠች። አውራው ጥርሱን አሳያት፤ የእሷ ጣት የሚያህል ጥርስ። ጀሪካኑ ዘመም አለ፣ ተንከባለለ፣ ገደሉ ውስጥ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ወረደ።

አጎቷ ጀሪካኑን ለማዳን ወደ ኋላ ሲዞሩ ግራ እግራቸውን ሳፋው ውስጥ ከተቱ። ሳፋው ተገለበጠ ሲባል ቆመ፤ ግን ሲሶው አሸዋ ላይ ፈሰሰ።

መፍቻ ኮፍያዋን አውልቃ መሬት ላይ ወረወረችው፤ አንስታ እንደገና ወረወረችው።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» አለች በመጨረሻ። «እኛ ግን መልቀሙንም አልቻልንም! በዚህ በረሃ ዘይት ከየት ነው የማመጣው? ከድንጋይ ልጭመቅ?»

አጎቷ እግራቸው ዘይት እያንጠባጠበ ቆሙ። «ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል ብዬ...»

ያኔ ነው መፍቻ ዓይኗ ዝንጀሮዎቹ ላይ ያረፈው። ከጀሪካኑ የፈሰሰውን ከድንጋዩ ላይ በጣታቸው እየጠረጉ ይልሳሉ። አንዷ ልጇን እያላሰች ነው። አውራው ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ይመጣጥጣል።

«ቆይ» አለች። «ዝንጀሮ የሞተር ዘይት ይልሳል እንዴ?»

ተጠግታ ያልደረሱበትን ጠብታ በጣቷ ነካች፣ አሸተተች፣ በምላሷ ጫፍ ቀመሰች።

«ጋሼ፣ ይሄንን ማን ነው የሰጠዎት?»

«ባለቦቴው። ለምን?»

«የምግብ ዘይት ነው። መጥበሻ ላይ የሚደረገው! ይሄ ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ለጊዜው እንደ ሐር ይሄድ ነበር፣ ከዚያ ሙቀቱ እንደ ሙጫ ያደርቀዋል። ወንዙ ጋ ስንደርስ ሞተሩ ድንጋይ ይሆን ነበር።»

አጎቷ ቋጥኙን ያዙና ቀስ ብለው ተቀመጡ። ዝንጀሮዎቹን አዩ፣ ገደሉን አዩ፣ እጃቸውን አዩ። «ንጹህ ነበር እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው የልጅ ድምፅ ሆኖ።

መፍቻ ልትጮህ ትንፋሿን ሳበች። ግን አጎቷ ቀደሟት።

«ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?» አሉ አጎቷ፣ ሳያዩዋት።

«ምኑን?»

«ለምን እንደሚጠቁር። ስንት ጊዜ ጠየቅሁሽ?»

ቆጠረች። «አምስት ጊዜ ይሆናል።»

«ምን አልሽኝ?»

መፍቻ ኮፍያዋን አንስታ አቧራውን አራገፈች። ሳፋውን በሁለት እጇ ወደ ጥላው ጎተተችና አጠገቡ ተቀመጠች።

«ንጹህ ጨርቅ ያስፈልገኛል» አለች። «ጥቅጥቅ ያለ። ይሄንኑ አጣርተን ነው የምንመልሰው።»

አጎቷ ተነስተው ጋቢና ገቡ። ሲመለሱ ሰፈሩ ሲደርሱ ሊለብሱት በስታርች ተኩሰው የያዙትን ነጭ ሸሚዝ ይዘው ነበር። ኮሌታውን ከጀርባው በአንድ ስንጥቅ ቀደዱት። መፍቻ ልታስቆማቸው እጇን ዘረጋች፤ ዘገየች።

ጨርቁን ባዶ ባልዲ አፍ ላይ ወጥረው በኩባያ በኩባያ ማጥለል ጀመሩ። ጥቁሩ ዘይት አሸዋውን ጨርቁ ላይ እየተወ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሥራው እጅን እንጂ አፍን አይይዝም።

«ናፍጣ እንደ እርጥብ እንጨት ነው ጋሼ» አለች መፍቻ፤ ቃላቱን እንደ ዛገ ቡሎን እየፈታች። «ሲነድ ጥቀርሻ አለው። አብዛኛው በጭስ ማውጫው ይወጣል። ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ዙሪያ እየሾለከ ወደ ታች፣ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ትናንት ደግሞ በአሸዋው አየር ሲያጥረው ጥቀርሻው በዛ። ዘይቱ ባይቀበለው ኖሮ እንደ ድስት ቂጥ ብረቱ ላይ ይጋገር ነበር።»

«እና ዘይቱ ምን ያደርገዋል?»

«ውስጡ ሳሙና መሳይ ነገር አለው። ጥቀርሻውን ይበታትነዋል፤ እንዳይረጋ፣ እንዳይለጠፍ ተሸክሞት ይዞራል። ለዚህ ነው በአንድ ቀን የሚጠቁረው። የጠቆረው ስለ ተበላሸ አይደለም፤ ስለ ሠራ ነው።»

አጎቷ ኩባያውን በአየር ላይ አቆሙ።

«የመጀመሪያው እጥበት!» አሉ።

«ምን?»

«የመጀመሪያው እጥበት ውሃ ነዋ! የከሰል ተሸካሚ ቱታ ስዘፈዝፍ ውሃው ቀለም ይሆናል። አዲስ የተቀጠረ ሰው ሁሉ ይደነግጣል። እኔ የምደነግጠው ውሃው እንደ ጠራ ከቀረ ነው፤ ሳሙናው አልሠራማ! እድፉ ልብሱ ላይ ነዋ!»

«እሱ ነው! እሱው ነው ጋሼ!»

«ቆይ፣ ቆይ። ሳሙናው ከደከመ ግን ቆሻሻውን መያዝ ያቅተዋል፤ ተመልሶ ልብሱ ላይ ያራግፈዋል።»

«ለዚህ ነው በኪሎ ሜትሩ ቆጥረን የምንቀይረው። በመልኩ አይደለም።»

«ታዲያ መልኩን ጨርሶ አልይ?»

«ይዩ። ወተት የገባበት ሻይ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል፤ ያኔ ይጩሁ። ቀጥኖ ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተ ይጩሁ። የብረት ብናኝ ካብለጨለጨበት ይጩሁ። ለጥቁረቱ ግን እባክዎ አይጩሁብኝ!»

አጎቷ ሳቁ። ከተነሱ ጀምሮ ሲስቁ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። «ይሄንን ትናንት ብትነግሪኝ፣ ሸሚዜ ይተርፍልኝ ነበር» አሉ።

ያጣሩትን መለሱት። መፍቻ ዘንጉን መዛ አየች፦ ከዝቅተኛው ምልክት አንድ ጣት በታች። ከወንዙ በፊት የሚገኝ ዘይት የለም። በዝግታ፣ ሞተሩን ሳያስጮኹ፣ በየግማሽ ሰዓቱ እያቆሙ ሄዱ። አሁን «አቁሚ» የሚሉት አጎቷ ሳይሆኑ እሷ ናት፤ ዘንጉን የሚመዙት እሳቸው። «ጥቁር ነው፤ ጤነኛ ነው» እያሉ ይገባሉ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ወንዙ ጋ ደረሱ። ሰማያዊው ቦቴ ቀድሟቸው ደርሶ መሻገሪያው አፍ ላይ በአግድሞሽ ተገትሯል፤ ኮፈኑ ተከፍቷል። ባለቦቴው ጥላው ስር ተጋድሞ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቷል፤ ወንድሙ ጎማ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን ይፍቃል።

«ምን ሆናችሁ?» አለች መፍቻ።

«ፍሪሲዮን በላ፣ ማርሽ አልገባ አለ» አለ ባለቦቴው ባርኔጣውን ሳያነሳ። «ነገ፣ ከነገ ወዲያ መካኒክ ይመጣል። ዕረፉ።»

«መካኒክ እኔ ነኝ። ልየው።»

«ሴትዮ፣ በሰው መኪና እጅሽን አታስገቢ።»

ውሃው ደፍርሷል፤ ቅጠልና ቅርንጫፍ ይዞ ይወርዳል። ላይ አገር ዘንቧል ማለት ነው። በአንድ ሰዓት ውስጥ መሻገሪያው ይዘጋል። ከታች፣ ሁለት መቶ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ወንዙ ሰፋ ብሎ በመሐሉ የጠጠር ደሴት ይታያል። ከደሴቱ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ፣ ግንድ የመሰሉ አራት አዞዎች ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ከድጡ ወደ ማጡ» አለች መፍቻ፤ መኪናውን ወደ ደሴቱ አቅጣጫ ነዳች።

«ጥልቀቱ ካልታወቀ አትገቢም» አሉ አጎቷ። አንድ ትርፍ ረጅም ቱቦ ከጭነቱ አወረዱ፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ጠቀለሉ።

«ጋሼ! የት ነው የሚሄዱት?»

«ሠላሳ ዓመት ውሃ ውስጥ ነው የቆምኩት። ከኋላዬ ነይ።»

ልታስቆማቸው አልቻለችም፤ ገብተዋል። ቱቦውን ከፊታቸው እየተከሉ፣ ውሃው ጉልበታቸውን፣ ጭናቸውን እየነካ ሄዱ። እሷ ከኋላቸው፣ መኪናውን እያዳኸች። ደሴቱ ሊደርሱ ሲሉ አንዱ ግንድ ተንቀሳቀሰ። ያለ ድምፅ ወደ ውሃው ተንሸራተተ፤ ሁለት ዓይኖች ብቻ ቀሩ፣ ወደ አጎቷ የሚመጡ።

መፍቻ ክላክሱን ተጫነች፣ መሪውን ጠመዘዘች፣ መኪናውን በአዞውና በአጎቷ መሐል ወረወረችው። ውሃው እስከ መስኮቱ ተረጨ። አንድ ከባድ ነገር በሩን መታው። አጎቷ ቱቦውን ጥለው የጋቢናውን መወጣጫ ያዙ፣ እየተንጠለጠሉ ወደ ጋቢናው ወደቁ።

«ጥልቀቱ... እስከ ጭን ነው» አሉ፣ እያለከለኩ።

«ገባኝ ጋሼ! ገባኝ!»

ደሴቱ ላይ ወጡ። ከፊታቸው የወንዙ ቀሪ ክፍልና ከዚያ ወዲያ ቀጥ ያለ ዳገት። መፍቻ ሞከረች። የፊት ጎማዎቹ ዳገቱን ነክተው መኪናው ቀና ሲል፣ የዘይቱ መብራት ቀይ ሆኖ በራ።

ወዲያው ወደ ኋላ ለቀቀችው። መብራቱ ጠፋ።

«ምንድን ነው?» አሉ አጎቷ።

ሌላ ቀን ቢሆን «ዝም ይበሉ» ትል ነበር። «ዘይቱ አንሷል። መምጠጫው ከሞተሩ ሆድ ፊት ለፊት በኩል ነው። አፍንጫችን ቀና ሲል ዘይቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ መምጠጫው አየር ይጠጣል። እንዲህ እስከ ላይ ብንወጣ ብረት ብረትን ይበላል።»

አጎቷ አንድ እጃቸውን እንደ መኪና ወደ ላይ አዘመሙ፤ ከዚያ ገለበጡት። «በኋላችን ብንወጣስ?»

መፍቻ አየቻቸው። ደሴቱ ላይ መኪናውን አዞረች፤ ጠጠሩ ለአንድ ጎማ ያህል ብቻ ሲተርፋት። የኋላ ማርሽ አስገባች። አጎቷ በመስኮቱ ወጥተው «ግራ! ትንሽ ግራ! ቀጥ!» እያሉ ሲመሩ፣ መኪናው በቂጡ ውሃውን ሰንጥቆ፣ በቂጡ ዳገቱን ወጣ። መብራቱ አንዴም አልበራም።

ከማዶ የሞተር ድምፅ ሰሙ። «ፍሪሲዮን የበላው» ቦቴ ተነስቷል። ቀድሟቸው ሊደርስ በመሻገሪያው ገባ፤ ግን ውሃው ሞልቷል፣ ቦቴውም በሸክሙ ከብዷል። መሐል ሲደርስ ዘመም ብሎ ተተከለ። ሁለቱ ወንድማማቾች ጣራው ላይ ወጥተው መጮህ ጀመሩ።

«ይጩሁ!» አለች መፍቻ። «አንድ ቀን ይጩሁ! የምግብ ዘይት ይጠብሱበት!»

አጎቷ ገመዱን እየፈቱ ነበር። «ሰው ናቸው» አሉ።

«ሰው ናቸው እንዴ?»

«አዞው የት እንዳለ ታውቂያለሽ?»

መፍቻ መሪውን በጡጫ መታች። መኪናውን ወደ መሻገሪያው አፍ አስጠግታ ወረደችና ከዳርቻው ጮኸች። «አንተ! የሞተር ዘይት አለህ? እውነተኛውን ነው የምልህ!»

«አለ! ከወንበሩ ስር! እህቴ፣ ነፍሴን!»

ገመዱን ወረወሩለት፤ ያልተከፈተውን ጀሪካን ወገቡን አስሮ ላከው። መፍቻ ማሸጊያውን ሰበረች፣ በጣቷ መሐል አሸች፣ አሸተተች፤ ትክክለኛው ነው። ሞተሩን አጠጣችው።

«አሁን የቦቴህን ውሃ ልቀቀው!»

«ውሃውን? ውሃው እኮ...»

«ከውሃህና ከነፍስህ ምረጥ!» አሉ አጎቷ።

ቧንቧው ተከፈተ። ሊሸጥ የነበረው ውሃ ሁሉ እያጓራ ወደ ወንዙ ገባ። ቦቴው ሲቀል፣ መፍቻ በአንደኛ ማርሽ፣ ገመዱ እንደ ክራር ጅማት እየጮኸ፣ ጎትታ አወጣችው። ባለቦቴው ባርኔጣውን ወንዙ ወስዶበት፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ ቆመ። አጎቷ አጠገቡ ሄዱ።

«ለዘይቱ ዝንጀሮዎቹ አመስግነውሃል» አሉት፤ ገመዳቸውን ጠቅልለው ገቡ።

ሰፈሩ የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ታንከሩ ደርቆ፣ ጀሪካኖች ከጉድጓዱ እስከ ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ተሰልፈዋል። ማንም እልል አላለም፤ ሰዉ ጉልበት አልነበረውም። መፍቻ ውሃ እንኳ ሳትጠይቅ ሥራ ጀመረች። ቱቦ በቱቦ እየቀጠለች ፓምፑን ወደ ጨለማው አወረደችው፣ ገመዱን አጠበቀች፣ ሽቦዎቹን አያያዘች። ፀሐይዋ ልትገባ አንድ ክንድ ሲቀራት ጄኔሬተሩን አስነሱ።

ቱቦው አሳለ። አየር ተፋ። ጭቃ ተፋ። ከዚያ፣ መሬቱ የተቆጣ ይመስል፣ ውሃው ዘለለ። ያኔ ነው እልልታው የመጣው። አጎቷ በጥቁር እጃቸው ውሃውን ቀዱ፤ የመጀመሪያውን ለአንዲት አሮጊት፣ ቀጥሎ ለመፍቻ ሰጡ።

የጉድጓዱ ኃላፊ ሴትዮ በሕዝቡ መሐል እየገፉ መጡ። ወገባቸውን ያዙና መፍቻን ከራስ እስከ እግሯ አዩዋት። ሦስት ቀን ሙሉ ሲሟገቱ፣ ሲለምኑ፣ ሲያከፋፍሉ የከረሙ ሴት ናቸው።

«ስንጠብቅ ዓይናችን ፈሰሰ» አሉ። «ታንከሩ ከደረቀ ቆየ። ለምንድን ነው የዘገያችሁት?»

መፍቻ አፏን ከፈተች። ጀርባዋ ተቆርጧል፣ መዳፏ በገመዱ ተልጧል፣ በሩ ላይ የአዞ ምልክት አለ። እና «ለምን?» ይሏታል።

ትንፋሿን ሳበች። ባዶ ጀሪካን ገልብጣ ተቀመጠች፤ ለሴትዮዋም ሌላ ገለበጠችላቸው።

«ይቀመጡ እማማ» አለች። «ከመጀመሪያው ልንገርዎት።»